ጅማ ላይ ስለሚሰጠው የመድረሳ ታሪክ ኮርስ፦ ተመዝገቡ፣ ግን ወንበር ቀድማችሁ ያዙ

በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ የሚሰጥ ኮርስ አለ። ርዕሱ የእስልምና ትምህርት ታሪክ በመካከለኛው ዘመን ነው። እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ባጭሩ ምርጥ ነው፣ ከፍላችሁ ተማሩ። ግን የሚያስደስተውም የሚያናድደውም ነገር ስላለው ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኪታብ የቀራ (ከሸህ ዘንድ የሃይማኖት መጽሐፍ የተማረ) ሰው ብቻ የሚገባበት አይደለም። ክፍላችን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው አደራ ብለው የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፣ ክርስቲያን የሆኑ የታሪክ አስተማሪዎችም ነበሩ፣ በልጅነታቸው ወሎ ድረስ ሄደው ኪታብ የቀሩ አንድ ሀጂም ነበሩ። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ አንድ ነገር ያልገባው ሰው ካለ መምህራችን ኡስታዙ በኦሮምኛ ይደግሙለታል። ዐረብኛ አለማወቅ አይከለክላችሁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመን ስም መደርደር ነው። እከሌ ይህን ፈጠረ፣ እኛ ነን ዩኒቨርሲቲ የጀመርነው፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ወደ ቤት። እዚህ ግን ኡስታዙ ገና በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ ጻፉ። ማን ከፈለ? ተማሪው የት አደረ? ምን በላ? "ከዛሬ ጀምሮ ማስተማር ትችላለህ" ያለውስ ማን ነው? ኮርሱ እስኪያልቅ ድረስ ከነዚህ ጥያቄዎች ንቅንቅ አላሉም። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ታሪኩን ከሊቃውንቱ ስም አውርዶ ወደ ዳቦው፣ ወደ ቀለሙና ወደ መኝታው አመጣው።

ለምሳሌ የሞሮኮዋን ፋስ ከተማ አል-ቀረዊይን ውሰዱ። በ859 ፋጢማ አል-ፊህሪ የምትባል ሴት በውርስ ባገኘችው ገንዘብ አሠራችው ይባላል፤ የዓለም የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነው እየተባለም በየቦታው ይለጠፋል። ኡስታዙ ይህን ታሪክ አልደበቁም፣ አላጋነኑም። ስለ ፋጢማ በዝርዝር የጻፈልን የታሪክ ጸሐፊ የኖረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ፣ ቦታው ሲጀመር መስጊድ እንደነበረ፣ ትምህርቱ እየዋለ እያደረ በመስጊዱ ምሰሶዎች ሥር እንደሰፋ አስረዱን። አንድ ልጅ "ታዲያ ዩኒቨርሲቲ አይደለም ማለት ነው?" ብሎ ሲያፋጥጣቸው "አንተ ዩኒቨርሲቲ የምትለው ነገር ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ነው፤ ያኔ ተቋሙ ዲግሪ አይሰጥም ነበር፤ ቆይ፣ እንደርስበታለን" አሉት። ደረስንበትም።

በዲግሪ ፈንታ የነበረው ነገር ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ ነው። ከኮርሱ ሁሉ ምርጡ ክፍል ለኔ እሱ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ተማሪ አንድን ኪታብ ከአንድ ሸህ ዘንድ ቀርቶ ሲጨርስ ፈቃዱን የሚሰጠው ሸሁ ራሱ ነው። መድረሳው አይደለም፣ ሱልጣኑም አይደለም። ሸሁ ደግሞ ከማን እንደቀራ፣ ያኛው ከማን እንደቀራ እየተባለ ሰንሰለቱ እስከ ኪታቡ ደራሲ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ሰው "የት ተማርክ?" ተብሎ ከመጠየቁ በፊት "ከማን ቀራህ?" ይባላል። ተማሪው ከደማስቆ ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ ወደ መካ የሚንከራተተው ሕንፃ ፍለጋ አይደለም፤ ሰው ፍለጋ ነው። ሸሁ ሲሞት በእሱ በኩል የሚያልፈው መንገድ ይዘጋል፤ ሰው በዕድሜ የገፋ ዓሊም (ሊቅ) ካለ የሚሮጠውም ለዚህ ነው። ይህን ስሰማ ወሎ የቀሩት ሀጂ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። በእረፍት ሰዓት "ሀጂ፣ እርስዎም ጋ እንዲህ ነበር?" ብለን ከበብናቸው። አንዱ ሸህ በነህው (በዐረብኛ ሰዋስው)፣ ሌላው በፊቅህ (በሃይማኖት ሕግ) ስመ ጥር ስለነበረ አንድ ደረሳ (ተማሪ) አንዱን የትምህርት ዘርፍ ሲጨርስ ስንቁን ይዞ ወደ ሌላው አገር እንደሚሄድ፣ የሚያድረውም የሚበላውም በመንደሩ ሰው እጅ እንደነበር አወሩልን። ከኮርሱ ወረቀት ያላገኘነውን ከሳቸው አገኘን።

ሁለተኛው ጠንካራ ክፍል ወቅፍ ላይ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ባለ ሀብት ሱቁን፣ እርሻውን ወይም የሚያከራየውን ቤት ወቅፍ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ገቢው ብቻ ለተባለው ሥራ ይውላል። መርካቶ ያለ አንድ ተርታ ሱቅ ኪራዩ እስከ መጨረሻው ለደረሶች ዳቦ ይሁን ብሎ እንደመስጠት ነው። ሰነዱ ላይ ስንት ተማሪ እንደሚገባ፣ ለመምህሩ ምን እንደሚከፈል፣ የየትኛው መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ አካሄድ) ትምህርት እንደሚሰጥ ይጻፋል። ኡስታዙ እዚህ ላይ ሁለቱንም ጎን አሳይተውናል። ወቅፍ ደሃ ልጅ እንዲማር በር ከፍቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ አሚሮች ሀብታቸው እንዳይወረስባቸው መጠለያ አድርገውታል፤ ልጆቻቸውን የወቅፉ አስተዳዳሪ አድርገው ይሾሙና ቤተሰቡ ከገቢው እንዳይነጠል ያደርጋሉ። እንዲህ በግልጽ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ደስ ይላል። ደግሞም ታሪኩን አያሳንሰውም፤ ሰዎች ያደረጉት ነገር መሆኑን ነው የሚያሳየው።

የባግዳዱ ኒዛሚያ ታሪክም የተነሳው እዚሁ ነው። የሰልጁቅ ሱልጣኖች ቪዚር (ዋና ሚኒስትር) ኒዛም አል-ሙልክ ያሠራው መድረሳ በ1067 ሲከፈት ዋናው መምህር እንዲሆኑ የተመረጡት አቡ ኢስሐቅ አሽ-ሺራዚ ነበሩ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን የሉም። ለምን? መድረሳው የተሠራበት ቦታ ከሰው በግፍ የተቀማ ነው የሚል ነገር ሰምተው ቀሩ! የዘመኑ ትልቅ ሹመት፣ ደመወዙ የተቆረጠ፣ አዳራሹ የሞላ፣ እሳቸው ግን "ሐራም ያለበት ቦታ አልቀመጥም" አሉ። ሌላ መምህር ተተክቶ ትምህርቱ ተጀመረ፤ ከ20 ቀን በኋላ ነው ለምነው ያመጧቸው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ክርክሩን አላቆሙትም፤ ቦታው በርግጥ የተቀማ ከሆነ በኋላስ ለምን ተቀበሉ የሚለው ጥያቄ እስከ አሱር (የከሰዓት በኋላ ሶላት) ድረስ አወዛገበን።

ቀጥሎ ታላቁ ሊቅ ገዛሊ መጡ። በ1091 እዚያው ኒዛሚያ ሲሾሙ የ33 ዓመት ሰው ነበሩ። በ1095 ግን ያን ሁሉ ክብር ጥለው ከባግዳድ ወጡ። ራሳቸው በኋላ እንደጻፉት ምላሳቸው ተሳስሮ አንድ ቃል ማስተማር አቅቷቸው ነበር፤ የሚያስተምሩት ለአላህ ይሁን ለዝና መለየት ጨንቋቸው ነው። ብዙ ዓመት ቆይተው በ1106 ኒሻፑር ላይ ወደ ማስተማር ተመለሱ። ኡስታዙ ይህን ክፍል ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አስተማሪ የሆናችሁ ሰዎች ለዚህ ቀን ብቻ ብትገቡ አትቆጩም።

አሁን ደግሞ ከኮርሱ ውስጥ እኔ ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው ነገር ልንገራችሁ። ኪታብ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ስሕተት አይቀሬ ነው። ስለዚህ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሸሁ ይሰማል፣ ሌላው በየራሱ ቅጂ ላይ እየተከተለ ያርማል። ሲያልቅ በኪታቡ ዳር ወይም መጨረሻ ገጽ ላይ በዚያ ቀን ማን ማን እንደተገኘ በስም ይመዘገባል። ደማስቆ ላይ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ እንዲህ ያሉ ምዝገባዎች በብዛት ተርፈዋል። ማን እንዳረፈደ፣ ማን እንዳንቀላፋ፣ ማን ወሬ እንዳወራ ሁሉ ይጻፋል። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከአባቱ ጋር ከመጣ "ሰማ" አይባልም፤ "ተገኘ" ተብሎ ይያዛል።

ኡስታዙ ይህን ነግረውን ብቻ አላለፉም። የነወዊን አርባ ሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች ስብስብ) ፎቶ ኮፒ አደሉን። ሆን ብለው በየወረቀቱ የተለያየ ስሕተት አስገብተውበታል፤ አንዱ ጋ ቃል ጎድሏል፣ አንዱ ጋ ስም ተቀያይሯል። አንዲት የፋርማሲ ተማሪ እንድታነብ፣ አንዱ ነጋዴ ደግሞ መዝጋቢ እንዲሆን ተመረጡ። እሷ ታነባለች፣ ኡስታዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ እኛ በእርሳስ እናርማለን። ሲያልቅ መዝጋቢው ተነስቶ አነበበልን፦ እከሌ በሙሉ ሰማ፤ እከሌ ከሦስተኛው ሐዲስ ጀምሮ፤ እከሌ ስልክ ለማንሳት ወጥቶ አራተኛው አመለጠው። ስልክ ያነሳው ልጅ ያመለጠውን ለብቻው ተቀምጦ ካላነበበ ስሙ እንዳይስተካከል ተባለና እረፍት ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ አነበበ። ኡስታዙ ወረቀቱ ላይ ፈረሙልን። የዚያን ቀን ኢጃዛና ሰንሰለት ሲባል የነበረው ሁሉ በደንብ ገባኝ። አንድን ጽሑፍ ሰው እንዴት በጆሮውና በስሙ እንደሚጠብቀው ያየሁት ያኔ ነው።

ስለ ልጆች ትምህርት ያለው ክፍልም ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ተሩጧል። ሕፃናቱ በሉህ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ ፊደል እንደሚቆጥሩ፣ የተጻፈውን ሲያደርሱ ታጥቦ አዲስ አንቀጽ እንደሚጻፍ ሲነሳ ሀጂ ከቤታቸው ሉህ ይዘው መጡ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል፣ መያዣው ጋ ስንጥቁ በጅማት ተሰፍቷል። ቀለሙን ከምጣድ ጥቀርሻ እንዴት እንደሚያዘጋጁት፣ ብዕሩን ከሸምበቆ እንዴት እንደሚቀርጹት አሳዩን። ከዚያ ስለ ዱላው ጠየቅናቸው። አልሸሸጉም፤ ሳቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉልን።

እዚህ ላይ ኡስታዙ ያመጡት ንጽጽር ጥሩ ነበር። የቀይረዋኑ ኢብን ሳሕኑን፣ በ870 የሞቱት፣ ለመምህራን በጻፉት ኪታብ ውስጥ መምህሩ ተማሪን ሲቀጣ ገደብ አስቀምጠውበታል። ኢብን ኸልዱን ደግሞ በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ ውስጥ ከዚህም አለፉ፤ በጭካኔ ያደገ ልጅ ይሰንፋል፣ ዱላ ፈርቶ መዋሸትና ማታለል ይለምዳል፣ ውሎ አድሮም ጠባዩ ሆኖ ይቀራል ብለዋል። ከ600 ዓመት በፊት! ኢብን ኸልዱን የየአገሩን አካሄድም አወዳድረዋል። የመግሪብ (የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ) ሰዎች ልጁን ቁርአን ብቻ ያስይዙታል፤ የአንደሉስ (የሙስሊም ስፔን) ሰዎች ግን ቁርአኑን ሳይተዉ ከግጥም፣ ከሰዋስውና ከእጅ ጽሕፈት ጋር ያስኬዱታል። የቱ ይሻላል የሚለው ዛሬም እዚህ ጅማ በየቤቱ የሚያከራክር ነገር ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይገባው ነበር። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘው። ይጨመርበት።

ወደ ቅሬታዬ ስገባ፣ ትልቁ ይሄ ነው፦ ሴቶቹ የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ላይ ተጨናንቀው ቀረቡ። ፋርማሲ የምትማረዋ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ "ሴቶቹ የት አሉ?" እያለች ስትጠይቅ ነበር፤ ልክ ነበረች። ከሪማ አል-መርወዚያ መካ ላይ ቁጭ ብለው የሐዲስ ስብስቡን ሰሒሕ አል-ቡኻሪን ያስተማሩ፣ በ1070 አካባቢ የሞቱ ዓሊማ ናቸው። ከባግዳድ የመጡት ትልቁ የሐዲስ ሊቅ አል-ኸጢብ ከሳቸው ዘንድ ቀርተዋል። ተማሪው ቅጂውን ከሳቸው ኪታብ ጋር ሳያስተያይ እንዲያስተላልፍ አይፈቅዱም ነበር። አስ-ሰኻዊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበሩ ታዋቂ ሰዎች ሲጽፉ የመጨረሻውን ጥራዝ ሙሉውን ለሴቶች ሰጥተውታል፤ ከ1000 በላይ ሴቶች አሉበት፣ ብዙዎቹም ኢጃዛ ያላቸው ናቸው። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል? ስለ ኢጃዛ ሲወራ ከሪማ እዚያው መግባት ነበረባቸው። የምጠይቀው ለብቻው "የሴቶች ቀን" እንዲደረግ አይደለም፤ በየቦታቸው ይግቡ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የኛ አካባቢ ነው። ጅማ ላይ ለሚሰጥ ኮርስ የአፍሪካ ቀንድ በመጠኑም ቢሆን ሰፋ ማለት አለበት። ኡስታዙ የሚያውቁት ነገር ብዙ ነው፤ ግን ፕሮግራሙ ላይ ቦታ የለውም፣ ሰው ሲጠይቃቸው ብቻ ነው የሚያወጡት። ካይሮ አል-አዝሀር ውስጥ ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ እንደነበረ ያወቅነው በጥያቄ ነው። ስማቸው ከወደብ ከተማዋ ዘይላ የመጣ ሁለት የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት፣ ፈኽረዲን አዝ-ዘይለዒና ተማሪያቸው ጀማለዲን አዝ-ዘይለዒ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ የጻፏቸው ኪታቦች ዛሬም ድረስ ይቀራሉ። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ1331 አካባቢ ዘይላን አልፎ ሞቃዲሾ ሲደርስ ያሳረፉት የተማሪዎች ቤት ውስጥ ነው። እስቲ አስቡት፣ ለተማሪ ማደሪያ የተዘጋጀ ቤት! በአራቱ ጥያቄዎች መሠረት ይሄ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ነው። ጅማ እስልምና በቤተ መንግሥት ደረጃ የገባባት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ የከተማችን ታሪክ ከመካከለኛው ዘመን ውጭ ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። ግን አባ ጅፋር ዘመን እዚህ የመጡት ዓሊሞች ይዘው የመጡት ኪታብ የዚያ ዘመን ነው። አጅሩሚያን የጻፉት ኢብን አጁሩም ፋስ ውስጥ በ1323 ሞቱ፤ ዛሬ ጅማ ውስጥ ነህው የሚጀምር ደረሳ አጅሩሚያን ነው የሚይዘው። የነወዊው የፊቅህ ኪታብ ሚንሃጅም፣ የቁርአን ማብራሪያው ጀላለይንም እንዲሁ። ይህን ክር ይዞ አንድ ቀን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጅሬን ይዞን ቢወጣ ኖሮ ኮርሱ እንከን አይወጣለትም ነበር።

ሕክምናና ፍልስፍና የት ይሰጥ እንደነበር የሚያወራው ክፍል ደህና ነው። ባብዛኛው ከመድረሳ ውጭ፣ በሆስፒታልና በየሊቃውንቱ ቤት እንደነበር፣ ኢብን አን-ነፊስን የመሰለ ሐኪም ደግሞ ጎን ለጎን ፊቅህ ያስተምር እንደነበር ይነገራል። ከዚያ በላይ የሚባል የለኝም።

ስለ ቦታው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የጅማ ዝናብ ሲጀምር ኋላ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም፤ ሁለት ቀን ያህል ኡስታዙ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ማይክ ይግዙ፣ አይወደድም። የሚታደለው ፎቶ ኮፒ ደብዛዛ ነው፤ በተለይ ካርታዎቹ፣ ባግዳድና ደማስቆ አንድ ጥቁር ነጥብ ሆነው ነው የመጡት። ለኮፒ ተብሎ ለብቻ ገንዘብ ስለምንከፍል ይሄ ያናድዳል። በቴሌግራም ይላካል የተባለው ፋይልም ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰን። ሰዓት ግን ይከበራል፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሴቶች መቀመጫ ምቹ ነው፣ መግቢያውም አያጨናንቅም። አሱር ላይ ሶላት ለመስገድ በቂ እረፍት አለ፤ ቡናው ደግሞ የከፈላችሁት ክፍያ ውስጥ ነው፣ ደህና ቡና ነው፣ ጅማ ላይ ሌላ ነገር ቢቀርብ ይቅር አንልም ነበር።

ክፍያው በቴሌብር ነው፣ በሁለት ዙር ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ተማሪ ከሆናችሁ መታወቂያ አሳዩ፣ ይቀንሱላችኋል። መክፈል ለማይችሉ የተያዙ ጥቂት ወንበሮች አሉ፤ አንድ ነጋዴ ናቸው የሚሸፍኑት፣ ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። እንዲህ ያለ ወንበር የሚፈልግ ሰው ለአስተባባሪዋ ለብቻዋ ይንገራት፣ ሰው ፊት አይጠየቅም።

አዲሱ ዙር ከረመዳን በኋላ ይጀምራል ተብሏል። የምትገቡ ከሆነ ቀድማችሁ ድረሱና ፊት ፊት ተቀመጡ። ወፍራም ደብተር ያዙ፤ ኮፒው ላይ አትተማመኑ። እና እባካችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን እጃችሁን አውጡና ስለ ዘይላ፣ ስለ ጀበርቲዎቹ ሪዋቅና ስለ ከሪማ ጠይቋቸው፤ ኡስታዙ ከተጠየቁ ያስተምራሉ።